የማስተዋል የመጀመሪያ ቃል

ነገሩ የሆነው ኮምቦልቻ ነው። ፀዳለ የምትባል ሴት ማስተዋል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ዘግይታ ዳዴ አለች፣ ዘግይታ ቆመች፤ ስድስት ዓመት ሞልቷትም አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም። ጎረቤቱ «ቤት ይዘሻት ተቀመጪ» ሲላት ፀዳለ እምቢ አለች። የፋብሪካ ሥራዋን ትታ ልጇን አዝላ ከሐኪም ሐኪም ዞረች።

የልጅቷ አክስት ይርገዱ ልጅ አልወለደችም። የልዩ ፍላጎት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አፈላልጋ ያገኘችው እሷ ናት። ርዕሰ መምህሩ «ቦታ የለም» ሲሏት ሦስት ቀን ከቢሯቸው ደጃፍ አልተነሳችም። በአራተኛው ቀን ልጅቷን መዘገቡ።

መምህርቷ ትርሐስ በየማለዳው የማስተዋልን መዳፍ በራሷ ጉሮሮ ላይ ታስቀምጥና «እማ» ትላለች፤ ድምፁ ሲርገበገብ ልጅቷ በእጇ እንድታውቀው። መልሳ ራሷ «ወዬ» ትላለች። ዓመቱን ሙሉ አልሰለቻትም።

አንድ ቀን ፀዳለ ልጇን ልትወስድ ቀደም ብላ ሄደች። በመስኮት ስታይ፣ እቤት ሲስሟት ፊቷን የምታዞረው ልጅ መምህርቷ አንገት ሥር ተሸጉጣለች። ፀዳለ በማግስቱ «ጉንፋን ይዟታል» ብላ ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። የልጇን እጅ ወደ ራሷ ጉሮሮ ወስዳ «እማ በይ» አለቻት። ማስተዋል እጇን መነጨቀች።

ሳምንት ሲሞላ ይርገዱ መጣች።

«ለምንድን ነው ያስቀረሻት?»

«መምህርቷ ልጄን ወሰደችብኝ።»

«ቅናትሽን እዚሁ ያዢው። ልጅቷ ግን ትማራለች» አለችና አዝላት ወጣች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀዳለ በመምህርቷም በይርገዱም ቀናች።

ዓመቱ ሲዘጋ ቤተሰብ ሁሉ ክፍል ድረስ ተጋበዘ። ማስተዋል ስትራመድ ወንበር ጠለፋትና በጉልበቷ ወደቀች። ዓይኗን እንደጨፈነች «እማ» አለች።

ሦስቱም ሴቶች እኩል «ወዬ» አሉ።

ፀዳለ ልጇን አንስታ አቀፈቻት፤ ይርገዱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ትርሐስ አቀርቅራ «እርስዎን ነው የጠራችው» አለች። ፀዳለ ግን አዝናላት ያለችው መሰላት። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ሰምታ እንኳ ልቧ አላረፈም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ወልዳ ያዘለቻት፣ ደጅ ጠንታ ያስመዘገበቻት፣ ወይስ አፏን የፈታችላት? ያ ቃል ለማናቸው ይገባል?