አያ ጅቦ ሁለቴ የደፈነው ስንጥቅ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እመት አህይት ጋሪዋን ወደ ግቢ የምታስገባበት የሲሚንቶ መንገድ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የውርንጭላዋን እግር ያስገባል። እሱ ደግሞ ገና መሮጥ የጀመረ ልጅ ነው፤ መሬት አያይም። እናት እግሩ ይሰበርብኛል ብላ እህል ውሃ አልወርድላት አለ።

ይህን የሰማ አያ ጅቦ ባልዲና አካፋ ይዞ ከተፍ አለ።

«እኔ እደፍንልሻለሁ። ታዲያ የድካሜ ዋጋ አንድ ድስት ቅንጬ በቅድሚያ ይሁን።»

ድስቱን ሙልጭ አድርጎ በላ። ከዚያማ ሆዱ ከበደውና ማጎንበስ አቃተው። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን አፈርና ሣር ሳይጠርግ ሲሚንቶውን ከላይ አፈሰሰበት፣ በእግሩ ዳመጠው፣ አለቀ።

ጎረቤታቸው ቀበሮ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አያ ጅቦ፣ ሳይጠረግ ይይዛል ብለህ ነው? ውሃስ አታጠጣውም?» አለችው።

«ደግሞ ሲሚንቶ ይጠማዋል እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ። የኔ ጅል፣ ከራሱ ሆድ ሌላ የሚራብና የሚጠማ ነገር ያለ አይመስለውም።

በማግስቱ ዶፍ ወረደ። ድፍኑ ተላቆ ከጎርፉ ጋር ሄደ። ውርንጭላው እየቦረቀ ሲመጣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ተቀረቀረ። እናቱ ብትስብ ብትጎትት አልወጣም አለ።

አያ ጅቦ ሁለተኛ ድስት ፍለጋ ሲመጣ ልጁ ሲያለቅስ አገኘው። ሆዱ ባባ። ተንበርክኮ የስንጥቁን ጠርዝ በዚያ አጥንት በለመደ መንጋጋው ይቆረጥም ጀመር። ሁለት ጥርሱ ረገፈ፤ የልጁ እግር ግን ደህና ወጣ።

ቀበሮ ቀረብ ብላ አየች። ስንጥቁ ሰፍቷል፤ ሣሩም ከነሥሩ ተነቅሏል።

«አሁን ገና ለመደፈን ደረሰ» አለችው። «ትናንት እንዲህ ብታጸዳው ኖሮ ጥርስህ ይተርፍልህ ነበር።»

አያ ጅቦ ጠረገ፣ አጠበ፣ እስከ ታች ጠቅጥቆ ደፈነ። እንዲጠነክርም እርጥብ ጆንያ አልብሶ ሰባት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣው። ስለ ቅንጬ ትንፍሽ አላለም።

በስምንተኛው ቀን እመት አህይት ትልቁን ድስት ይዛለት ወጣች። ምራቁን ዋጠ።

«ቆዪ፣ እመት አህይት» አላት። «መጀመሪያ ልጁ ይለፍበት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ አለቀ የሚባለው የሠራው ሲጠግብ ሳይሆን የተሠራለት በሰላም ሲያልፍበት መሆኑን ነው።