የአስር ልጅ ብልቃጥ

ተረት ልንገራችሁ። ሲጀምር ያስቃል፤ መጨረሻውን ግን እኔም አልወደውም።

ከደጋው ሥር፣ ከወንዝ ወዲህ ባለ የቆላ መንደር ዘርፌ የምትባል እናት ነበረች። ኩፍኝ መቅረቡን ሰምታ ለዘጠኝ ወር ልጇ ለይበልጣል አንድ መርፌ ፈለገች። ደጋ ያለችው እህቷ ልጇን ያስከተበችው ገበያ ደርሳ ስትመለስ ነው፤ እንደ ዋዛ!

ዘርፌ የመንደሩን ጤና ሠራተኛ ጽጌን ለመነቻት።

«የክትባቱ ብልቃጥ የአስር ልጅ ነው እቴ። ከተከፈተ አያድርም፤ አስር ሳይሞላ አይከፈትም» አለች ጽጌ።

ዘርፌ ዘጠኝ ልጅ ልትሞላ ወደ መንደሩ እናቶች ሮጠች።

«አምና ክትባት መጣ ተብለን ፀሐይ ላይ ውለን ባዶ እጃችንን ገባን። የክትባቱን ሳጥን ሳናይ አንወጣም!» አሏት።

እናቶቹ አንወጣም አሉ፣ ብልቃጡ አልከፈትም አለ፤ ይበልጣልም ሳይከተብ ዋለ።

ዘርፌ ወንዝ ዳር ወርዳ ማዶ ያለውን የክትባት ሳጥን ጠራችው። «በረዶዬ ይቀልጣል፤ ሞተር ሳይጭነኝ አልመጣም» አላት። ሞተሩን ለመነችው። «ወንዙ ሳይጎድል አልሻገርም» አላት።

ሞተሩ አልሻገርም አለ፣ ሳጥኑ አልመጣም አለ፣ እናቶቹ አንወጣም አሉ፣ ብልቃጡ አልከፈትም አለ፤ ይበልጣልም ሳይከተብ ሰነበተ።

ወንዙን ለመነችው። ውሃ ምን አንጀት አለው! «የደጋው ዝናብ ሳያባራ አልጎድልም» አላት።

ሽቅብ አንጋጠጠች። «ጌታዬ ዝናብ፣ አንድ ቀን ብቻ!»

«የደጋው ገብስ ሳይጠግብ አላባራም» አለ ዝናቡ።

ዝናቡ አላባራም አለ፣ ወንዙ አልጎድልም አለ፣ ሞተሩ አልሻገርም አለ፣ ሳጥኑ አልመጣም አለ፣ እናቶቹ አንወጣም አሉ፣ ብልቃጡ አልከፈትም አለ። ኩፍኙ ብቻ እሺ አለ፤ ማንንም ሳይጠብቅ መጣ። የይበልጣል ዓይን ቀላ፣ ገላው ሽፍ አለ። በአምስተኛው ቀን ቀበሩት። ወይ አንጀቴ!

በስምንተኛው ቀን ገብሱ ጠገበ። ዝናቡ አባራ፣ ወንዙ ጎደለ፣ ሞተሩ ተሻገረ፣ ሳጥኑ መጣ፣ እናቶቹ ወጡ። ጽጌ ዋርካው ሥር ልጆቹን ቆጠረች፤ ዘጠኝ። ደግማ ቆጠረች፤ ዘጠኝ። አንድ ጎደለ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ባዶ አንቀልባ ታቅፋ የቆመችውን ዘርፌን አየች።

«አስረኛው የኔ ነበር» አለች ዘርፌ። «ከቁጥር አታውጪብኝ። ክፈቺው።»

ብልቃጡ ተከፈተ። ዘጠኝ ልጅ ተከተበ። ዘርፌ የለመነችው አንድ መርፌ ተረፈ፤ አያድርምና ጽጌ ማታ ደፋችው።

ተረቴ ይኸው ነው። አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፤ ዛሬ አይወርድልኝም።