የዕድሩ ወንበር

አንድ ቀን የቀበሌው የቤት ኮሚቴ ጋሽ እንዳላማው ቤት ሊመጣ ሆነ። ጋሽ እንዳላማው ጫማ ሰፊ ነው፤ እግዜር ልጅ እንጂ ሀብት አላበዛለትም። አከራዩ «ቤቱን አፍርሼ ሱቅ ልሠራበት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ውጣልኝ» ብሎታል። ቀበሌው ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው በትንሽ ኪራይ ከሚሰጣቸው ቤቶች አንዲት ክፍል ተለቃለች። ኮሚቴው እቤቱ ድረስ መጥቶ «እውነትም ድሃ ነው» ካለ ያገኛታል፤ ካላለ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነው።

ታዲያ ባለቤቱ እትዬ ጥሩወርቅ እንግዳ ይመጣል ሲባል መች አስችሏት! ከዕድሩ ዕቃ ቤት አራት ወንበር አስመጣች። መጋረጃውን ከጎረቤት፣ ብርጭቆውን ከማዶ ተዋሰች።

«አንቺ ሴት፣ ሰዎቹ እኮ የሚመጡት ድህነታችንን ሊያዩ ነው!» አላት።

«ቢያዩስ? ቆመው ይዩ እንዴ? እንግዳ መሬት ላይ አስቀምጬማ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ!»

ኮሚቴው መጣ። ሊቀ መንበሩ አቶ ገሠሠ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ጠላ ጭልጥ አደረገና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ።

«አራት ወንበር! መጋረጃ! ብርጭቆ! እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ድሃ ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አልሸወድም። ይሄ ሰውዬ ደልቶታል። ሰርዢው!» አላት ጸሐፊዋን። ሰረዘችው።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጋሽ እንዳላማው ግን ረጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እስቲ ብድግ ይበሉና ወንበሩን ገልበጥ አድርገው ይዩት» አለ።

ገለበጠው። ከሥሩ በቀይ ቀለም «የወንዝ ማዶ ዕድር፣ ቁጥር 41» ይላል።

አቶ ገሠሠ ደነገጠ። ግን ተሳሳትኩ ማለት የት ለምዶ!

«የማንም ይሁን የማን! ደንቡ ቤት ውስጥ የተገኘውን መዝግቡ ነው የሚለው።»

«ደንቡ እንዲያ ከሆነማ የሞትኩ ዕለት ቢመጡ ይሻላል» አለ ጋሽ እንዳላማው። «ያን ጊዜ መቶ ወንበር፣ በርሜል በርሜል የሚያካክል ድስት፣ ከደጄ እስከ አስፋልቱ የተዘረጋ ድንኳን ያገኛሉ። ባለ አዳራሽ ብለው ይመዝግቡኝ፤ ከመቃብር ተነስቼ አልከራከርዎትም። እስከዚያው ግን በቁሜ የምገባባት አንዲት ክፍል ይስጡኝ።»

ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት። ማንም ሳያዛትም ስሙን መልሳ ጻፈችው፤ አቶ ገሠሠም እያየ አልከለከላትም።

ጋሽ እንዳላማው፣ ተመስገን ነው፣ ክረምቱን ከነቤተሰቡ በቀበሌ ቤት ከረመ። አቶ ገሠሠ ግን ከዚያ ወዲህ ድሃ ቤት ገብቶ ወንበር ሲቀርብለት፣ ሳይገለብጥ አይቀመጥም።