የቀረው ዳኛ

አንድ ደርበው የሚባል ዳኛ ነበር። መጠየቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሌባ ይዘው ቢያመጡለት «ምን ሰረቀ?» ብሎ አይበቃውም፤ «ለምን ሰረቀ? በየት በኩል ገባ? ውሻው ለምን አልጮኸም?» ይላል። አብረውት ችሎት የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ከኋላው «ዳኛ ለምን» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም ያውቃል፤ አይከፋውም።

ከዕለታት አንድ ቀን ንጉሡ አስጠሩትና እንዲህ አሉት፦ «በሰሜን ግዛታችን ያለው ትምህርት ቤት ባዶ ሆኗል። ልጆቹ ይቀራሉ። ሹሙ አባቶቹን ቢመክርም ቢቀጣም አልሆነለትም። አሁን ደግሞ ልጁን የማይልክ አባት መሬቱን ይነጠቅ ብሎ ፈቃድ ጠይቆኛል። ሂድና እይ። ጥፋቱ የአባቶቹ ከሆነ ትእዛዙን አትምበት።» ማኅተማቸውንም ሰጡት።

ደርበው በቅሎውን ጭኖ ወጣ። መንገዱን ሁሉ የከነከነው አንድ ነገር ነበር። አንድ አባት ሊሰንፍ ይችላል፤ ሁለትም ሊሰንፉ ይችላሉ። የአንድ አገር አባት ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚሰንፈው ግን እንዴት ያለ ነገር ቢገጥመው ነው?

ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ጠበቀው። የትምህርት ቤቱ ክፍል ትንሽ ነው፤ አጥሩ ግን የቤተ መንግሥት አጥር ያስንቃል። በተጠረበ ድንጋይ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተገንብቷል። ብዙ ወንዶች አሁንም ድንጋይ እየጠረቡ ይጨምሩበታል። ውስጥ ሲገባ መምህሩ ፊት ለፊታቸው ለተቀመጡ ጥቂት ልጆች ያስተምራሉ። የቀረው ወንበር ሁሉ አቧራ ለብሷል።

«ይህን አጥር ማን ሠራው?» ብሎ ሹሙን ጠየቀው።

ሹሙ ሥራ ወዳድና ቅን ሰው ነበር። «አባቶቹ ናቸው» አለ በኩራት። «ልጁ የቀረችበት ወይም የቀረበት አባት፣ ልጁ እስኪመለስ ድረስ ድንጋይ ይጠርባል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቅጣቱ እንኳ ለልጆቹ ይጥቀም ብዬ ነው።»

ደርበው አንገቱን አቅንቶ አጥሩን አየ። «እንግዲያው ልጆቹ በቀሩ ቁጥር አጥሩ ያድጋል ማለት ነው» አለ። ሹሙ የተመሰገነ መስሎት ፈገግ አለ።

ዳኛው ከጠራቢዎቹ ወደ አንዱ ጠጋ አለ። ማንደፍሮ የሚባል፣ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ብናኝ የነጣ ሰው ነው።

«ልጅህ የት ናት?»

«እርሻ ላይ ናት ጌታዬ። አረም ታርማለች።»

«አንተ ለምን አታርምም?»

«እኔማ እዚህ ነኛ!»

«እዚህ ለምን ሆንክ?»

«እሷ እዚያ ስለሆነች ነዋ።»

ዳኛው ሳቁ አመለጠው። ማንደፍሮ ግን አልሳቀም። መሮውን አስቀመጠና «ነገ መሬቴን ከወሰዳችሁት እሷም የምታርመው አይኖራት» አለ። «ቤተሰቤን ይዤ ከዚህ አገር እወጣለሁ። ጎረቤቶቼም እንደኔው ናቸው። ያን ጊዜ ይህን ትምህርት ቤት በማን ልጅ ትሞሉታላችሁ?»

የደርበው ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ፤ አፈረም። ቢሆንም የመጠየቅ አመሉ አለቀቀውም። «ልጅህ መጀመሪያ ስትቀርስ? ያኔ አንተ ድንጋይ ላይ አልነበርክም።»

«ብነግርዎት ሰበብ ይመስልዎታል። ሰፈራችን ወርደው ይደሩና ይዩት።»

ችሎቱ የተቀጠረው ለማግስቱ ጠዋት፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ሹሙ «ጠዋት ያልተገኘ ወዮለት!» ብሎ ስላስነገረ አባቶቹ እዚያው አደሩ። ደርበው ግን ሳያይ መፍረድ አልሆንልህ ስላለው ወደ ሰፈሩ ወረደ። በመንገዱ ላይ አንድ ወንዝ ተሻገረ። ውሃው የበቅሎዋን ኮቴ እንኳ በቅጡ አላረጠበም።

የማንደፍሮ ልጅ ስንዱ ትባላለች። ከእርሻ ስትመለስ እጇ በአረም ቆስሎ ነበር።

«ትምህርት ትጠያለሽ እንዴ ልጄ?» አላት ዳኛው።

«ኧረ አልጠላም! መምህሩ ማካፈል ጀምረውልን ሳልጨርሰው ነው የቀረሁት። አሁንም እያረምኩ በልቤ አካፍላለሁ፤ ግን ሳይካፈል የሚቀር ትርፍ ሲመጣ ምን እንደማደርገው አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

ስንዱ ቀና ብላ ደመና ያዘለውን ተራራ አየችና «እዚያ ላይ ከዘነበ ነገ ያዩታል» አለችው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰፈሩ ላይ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ነጋ። ዳኛው ለችሎቱ እንዳይዘገይ ማልዶ ተነሣ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ግን የትናንቱ ወንዝ የለም። በምትኩ ግንድ እያንከባለለ የሚያጓራ ደፍራሽ ጎርፍ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። በቅሎዋ ጆሮዋን አስተኝታ ወደ ኋላ አለች። ማዶ፣ ኮረብታው ላይ፣ ለችሎቱ የተሰበሰበው ሰው ይታየዋል። ቢጣራም ድምፁን ውሃው ዋጠው።

ስንዱ ልትሸኘው መጥታ ነበር። «አባቴ ድንጋይ መጥረብ ሳይጀምር እዚህ ቆሜ እንዲጎድል እጠብቅ ነበር» አለችው። «ሲጎድል የዕለቱ ትምህርት አልቆ ይገኝ ነበር።»

«ድልድይ ይሠራልን አላላችሁም?»

«ሰፈሩ ሹሙን ጠይቆ ነበር። ‹ለባዶ ትምህርት ቤት ድልድይ አይሠራም፤ መጀመሪያ ልጆቻችሁን ላኩ› አሉን።»

ደርበው ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀም። ውሃው እስኪጎድል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ሕዝቡ አልተበተነም። ሹሙ ሮጦ ተቀበለውና ወንበሩን አመለከተው። ዳኛው ግን አልተቀመጠም።

«ጠዋት ያልተገኘ ወዮለት ብለህ አስነግረህ ነበር። ማን ቀረ?»

«ሁሉም ተገኝቷል ጌታዬ።»

«አልተገኘም። እኔ ቀርቻለሁ። የቀረ ሰው ዕዳው ድንጋይ ነው ብለሃል፤ በሉ መሮ አቀብሉኝ።»

ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሹሙ ደነገጠ። «ኧረ በሕግ! እርስዎ እንዴት ተደርጎ? ወንዙ ሞልቶብዎት እኮ ነው! ያን ጎርፍ ማን ይሻገረዋል?»

«እኔ በቅሎ አለኝ» አለ ደርበው ዝግ ብሎ። «ትልቅ ሰው ነኝ፤ የንጉሥም ማኅተም ይዣለሁ። ወንዙ ለእኔ በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ለስንዱ ያልሆናት ለምንድን ነው?»

ሹሙ ወደ ወንዙ ተመለከተ። ዞሮ አጥሩን አየው። ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ ወንዙ ላይ ቢውል ኖሮ የት በደረሰ ነበር! ቅን ሰው ስለነበር ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ደርበው ማኅተሙን ሳያሳርፍ ተመልሶ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«ለምን አላተምክም?» አሉት ንጉሡ።

«ጥፋተኛውን አግኝቼዋለሁ ጃንሆይ፤ ግን መሬቱን ልነጥቀው አልችልም።»

«ማነው እሱ?»

«እኛ ነን። ከልጆቹ ሁሉ በፊት የቀረው መንግሥት ነው። ድልድይ ሠርቶ ወንዙ ዳር መገኘት ሲገባው ሳይገኝ ቀርቶ፣ ያልተሻገሩትን ቀጣ።»

ንጉሡ ፊታቸው ጠቆረ። «ድልድዩ ከተሠራ በኋላም የሚቀር ልጅ ቢኖርስ?» አሉ።

«ያኔ ሄጄ አባቱን ለምን እለዋለሁ። አሁን ግን በምን ፊቴ?»

ንጉሡ አባቶቹ ወደ እርሻቸው እንዲመለሱ፣ አጥሩ ፈርሶ ድንጋዩ ወደ ወንዙ እንዲወርድ፣ ድልድዩንም የመንግሥት ግንበኞች እንዲሠሩት አዘዙ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ተሸክሞ የወረደው ሹሙ ራሱ ነበር። ማንደፍሮ ማንም ሳያዘው መጣና ጫፉን አገዘው።

በቀጣዩ ዝናብ ወንዙ እንደ ልማዱ እያጓራ ሞላ። ስንዱ በድልድዩ ላይ ተሻገረች። የጀመረችውን ማካፈል እስከ ትርፉ ልትጨርስ ቸኩላ ስለነበር ወደ ታች እንኳ አላየችም። ትምህርት ቤቱ ዛሬ አጥሩ ከጉልበት አይበልጥም፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ውስጡ በልጆች መሞላቱን ያያል።

ወዳጆቼ፣ ልጅ ከትምህርት ገበታ ሲቀር ወላጅ አይጠየቅ የሚል የለም። ነገር ግን የማዘዝ ሥልጣን የያዘ ሰው «ለምን ቀራችሁ?» ከማለቱ በፊት፣ እሱ ራሱ መገኘት በነበረበት ቦታ ተገኝቶ እንደሆነ ይጠይቅ። እስቲ እያንዳንዳችን በያዝነው ኃላፊነት ዙሪያችንን እንይ፦ ድልድይ ሊሆን ይችል በነበረ ድንጋይ ስንት አጥር ሠርተናል?