የወይዘሮ ትርንጎ በርበሬ

እንግዳው ደጅ ቆሞ ቤት መጥረግ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥም ሁሉም የሚወረውራት አንዲት ተረት አለች። ተረቷን የማያውቅ የለም። ከጀርባዋ ያለውን ሠርግ ግን ስንቱ ያውቃል?

በአንዲት የጎጃም መንደር እንጉዳይ የምትባል ቸኳላ ልጅ ነበረች። ድስት ተጥዶ እስኪፈላ መቆም የሚያንገበግባት ልጅ፣ ቢያድግልኝ የሚባለውን ጎረምሳ ለማግባት ግን ሁለት ዓመት ጠብቃለች። እንቅፋቱ የቢያድግልኝ አጎት አያ ሽባባው ነበሩ። «የዚያ ቤት ሰዎች ዝርክርክ ናቸው» እያሉ ሽማግሌ ሲያስቀሩ ከርመው፣ በሽማግሌው በአለቃ ብዙ ልመና እሺ ሲሉም «በሠርጉ ዕለት አንዲት ጉድለት ካየሁ ሙሽራውን ይዤ እመለሳለሁ» ብለው ነው።

የእንጉዳይ እናት ወይዘሮ ትርንጎ ይህን ሲሰሙ እልህ ያዛቸው። «ጣት የሚያስቆረጥም ቀይ ወጥ አቀርብለታለሁ!» ብለው በርበሬ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ዞሩ። የአንዱ ቀለም ፈዘዘባቸው፣ የአንዱ ቆዳ ሳሳባቸው፣ አንዱ ፍሬ በዛበት። በየሳምንቱ ባዶ ስልቻ ይዘው ይመለሳሉ። ጎረቤቶች ለሠርግ በርበሬ መቀንጠስ ወግ ነውና ሰፌዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰፌዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

«እማዬ፣ በርበሬ እኮ ተቀንጥሶ፣ ተደልዞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ነው ወጥ የሚሆነው። መቼ ሊደርስ?» አለች እንጉዳይ።

«ዝም በይ! ሙሽራ አፍ አታበዛም።»

«ዓይንም የላትም እንዴ?»

በመጨረሻ ልባቸው የፈቀደው በርበሬ ተገኘ። በሠርጉ ዋዜማ! በማግስቱ ዳሱ ተጥሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ታርዷል፤ ወጡ ብቻ የለም። ከወንዙ ማዶ የሠርገኞቹ እምቢልታ ሲሰማ ወይዘሮ ትርንጎ ስልቻውን ዳሱ መሐል ገለበጡት።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ቁጭ በሉና ቀንጥሱ!» ጩኸታቸው ሠርገኞቹ በሩ ላይ ሲደርሱም ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር።

አስተናጋጁ ዋንጫ ጥሎ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን አስቀምጦ በርበሬው ላይ ተደፋ። ዳሱ በማስነጠስ ተናጋ። ልጃገረዶቹ እንደ ወጉ በሩን ያዙ። ወጉ ትንሽ ዘፈን፣ ትንሽ ግፊያ፣ ከዚያ መክፈት ነው። የዚያን ቀን ግን ዘፈኑ አለቀባቸውና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

«በር ላይ ሊያሳድሩን ነው?» የአያ ሽባባው ድምፅ ነበር። «በሉ፣ በቅሎዎቹን መልሱ!»

እንጉዳይ ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰው በበርበሬ ምክንያት ሊመለስ ነው። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«እማዬ፣ እርድ አለሽ?»

«እርድ? በሠርግ ቀን አልጫ? የበሽተኛ ምግብ! ሞቼ ነው!»

«አትሞቺም። እኔ የማገባው ሰው ነው እንጂ ወጥ አይደለም።»

ወደ በሩ ሮጠች። ልጃገረዶቹ ደነገጡ። «አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ እኮ ነሽ!»

«ሙሽራነቴ እንዳይቀር ነው የወጣሁት። ዞር በሉ።» አፏን ወደ አጥሩ አስጠጋች። «ቢያድግልኝ! ትሰማኛለህ?»

«እ… እሰማለሁ።»

«ቀይ ወጥ የለም። በርበሬው ገና ከነስልቻው ነው። አልጫ ትበላለህ ወይስ ትመለሳለህ?»

«አላልኩህም?» አሉ አያ ሽባባው። «ዝርክርክ!»

«አያ ሽባባው፣ እርስዎን አልጠየቅኩም።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ከበርበሬው አነሳ። ማስነጠሱ እንኳ ቆመ። እንጉዳይ በሕይወቷ ከጠበቀችው ሁሉ ይህቺ አፍታ ረዘመችባት።

«ባዶ እንጀራም ቢሆን እበላለሁ» አለ ቢያድግልኝ። «አጎቴ፣ የሚመለሱ ከሆነ በቅሎዬንም ይውሰዷት። እኔ በእግሬ እገባለሁ።»

እልልታው ቀለጠ! በሩ ተበረገደ። አያ ሽባባው በቅሏቸውን አዞሩ፤ የሚከተላቸው ሰው ሲያጡ መልሰው አዞሯት። አልጫው እንደ ምንም ደረሰ። እሳቸውም እየተነጫነጩ ሦስቴ አስጨለፉ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ እንጉዳይ ደረሰችባቸው።

«አዋረድኩሽ፣ ልጄ።»

«ለኔ ብለሽ አይደል ምርጡን ስትፈልጊ የከረምሽው? በይ አሁን እንባሽን ጥረጊ። በርበሬውን ለመልሳችን አድርሽው፤ በደንብ ያቃጥል።»

ሙሽሮቹ ማምሻውን በሙሽራው መንደር ሲደርሱ፣ አገር ስላወራለት ስለ ወይዘሮ ትርንጎ ቀይ ወጥ ለመስማት የጓጓ ሰው ከየደጁ ወጣ። «እሺ አለቃ፣ ወጡ እንዴት ነበር?» ብለው ጋብቻውን ያዋዋሉትን ሽማግሌ ከበቧቸው። አለቃ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና «ወጡንስ አልቀመስነውም፤ በሩ ላይ ቆመን የሰማነው አዋጅ ግን ይኸው ነው፦ ሠርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ!» አሉ።