ጊታሩን ሊሸጥ የሄደው ሰው

አንድ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ ስሙ አስናቀ ይባላል። አዳማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቷል። ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። የሚያውቁት ሰዎች «አስናቀ የሚናገረው በጣቱ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ የጊታሩ ቀጫጭን ክሮች ድምፅ ደብዘዝ አለበት። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚመጣ ይመስላል። ክሮቹን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ቀየረ፤ ያው ነው። ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን የአምፕሊፋየሩን ትሬብል እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ጥቂት ሻል ብሎ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ደበዘዘ። በዚህ መሃል አንድ ሐሳብ መጣበት፤ ከመጣ በኋላም አልወጣ አለው። «ችግሩ ከጊታሩ አይደለም። ከጆሮዬ ነው።»

እንዲህ ያሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው ጆሯቸው ደነቆረ። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያልሰሙትን እንደሰሙ ሆነው ፈገግ ሲሉ አስናቀ በልጅነቱ አይቷል። አሁን እሱም አርባ ስምንት ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስረጃ መልቀም ጀመረ። ሚስቱ ትርሲት ከጓዳ ጠርታው ሳይሰማ ሲቀር በሆዱ «ይኸው» ይላል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የተናገረው ሲያመልጠው «ይኸው፣ እየባሰ ነው» ይላል። በሐሳብ ተውጦ እንደማይሰማ ግን አንድም ቀን አልታየውም። ሐኪም ዘንድ አልሄደም፤ እስካልነገሩኝ ድረስ አልደነቆርኩም ብሎ ነው። ለባንዱም ለትርሲትም ትንፍሽ አላለም። ወሬ በረዘመ ቁጥር የማይሰማው ቃል እንዳይመጣ እየፈራ፣ ሚስቱ ስትጠይቀው በአንድ ቃል መልሶ ይነሳል። እሷ ሳትቀርብ ቀድሞ በልቶ ይወጣል።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ፣ ሰው ፊት ሳልዋረድ ሙዚቃውን ራሴ ልተወው ብሎ ወሰነ። ማክሰኞ ጠዋት ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ጋሽ መርዕድ ሱቅ ሄደ። ጋሽ መርዕድ የሙዚቃ መሣሪያ ሲሸጡና ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ አዛውንት ናቸው። የሰው ዕቃም ተቀብለው ይሸጣሉ።

«ጊታሬን እንዲሸጡልኝ ነው የመጣሁት» አላቸው። ምክንያቱን አልተናገረም።

እሳቸውም አልጠየቁትም። ጊታሩን አገላብጠው አዩና ወደ ጥጉ ጠቆሙት። «ዕቃ ስቀበል ድምፁን መስማት አለብኝ። እዚያ አምፕሊፋየር ላይ ሰካውና ትንሽ ተጫወትልኝ።»

አምፕሊፋየሩ ባለ ቱቦ ነበር፤ ከጀርባው ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረዋል። አስናቀ ጊታሩን ሰካ፤ እንደ ልማዱ ትሬብሉን እስከ መጨረሻው አዞረ፤ አብርቶም ቀጭኑን ክር ነካ። ምንም አልተሰማም።

«ቆይ እንጂ» አሉት ጋሽ መርዕድ። «ቱቦው ሳይግል ምን ድምፅ ይሰጥሃል?»

እሱም የሚጫወትበት አምፕሊፋየር ባለ ቱቦ ስለሆነ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ፍርሃቱ ነው ያስረሳው። ቆሞ ጠበቀ። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ቀሉ። ክሩን ደግሞ ነካው።

ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

አስናቀ እጁን ከክሩ ላይ አነሳ። እንደገና ነካው። ጣቱን እስከ ጊታሩ አንገት መጨረሻ ወስዶ የመጨረሻዋን ቀጭን ድምፅ መታ፤ እሷም ሳትደበዝዝ መጣች።

«ጋሽ መርዕድ» አለ ዞር ሳይል፤ «ይሄ ቀጭኑ ድምፅ እርስዎም ይሰማዎታል? ወይስ እኔ መስሎኝ ነው?»

«ጆሮዬን እየበሳኝ እንዴት አይሰማኝም? ቀንስልኝ እስቲ ትሬብሉን።»

አስናቀ ቀነሰው። አጠገቡ ያገኘው ዱካ ላይ ተቀመጠ። «የደነቆርኩ መስሎኝ ነበር» አለ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ጋሽ መርዕድ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «የምትጫወትበት አምፕሊፋየር የማን ነው?»

«የራሴ ነው፤ ባለ ቱቦ።»

«ቱቦውን መቼ ቀየርከው?»

«ኧረ ከገዛሁት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቱቦ እንደ ቤት አምፖል በአንዴ ድርግም አይልም። በትንሽ በትንሹ ነው የሚደክመው። ሲደክም ድምፁ ጥራቱን ያጣል። የደከመው እሱ ነው። ለመሆኑ ይህን ነገር ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ለሚስትህስ?»

«ለእሷም አልነገርኳትም።»

«እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ እንጂ የጆሮ ሐኪም አይደለሁም» አሉት ጋሽ መርዕድ። «አምፕሊፋየርህን አምጣውና ቱቦውን እቀይርልሃለሁ። አንተ ግን ጆሮህን ተመርመር፤ ፍርሃቱ ዞሮ እንዳይመጣብህ። ደግሞ ብቻህን አትሂድ። ይሄንንም ጊታር ይዘህልኝ ውጣ።»

አስናቀ ቤቱ እንደገባ ለትርሲት ሁሉንም ነገራት። እሷ ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፤ ቀጥሎ ደግሞ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«እኔ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር» አለችው። «አታወራኝ፣ አብረኸኝ አትበላ። ምን ልበል? እናቴ ቤት ልገባ ለእህቴ ነግሬያት ነበር።»

አስናቀ ደነገጠ። ሊያጣ የተቃረበው ጆሮውን ሳይሆን ሌላ ነገር እንደነበር የገባው ያን ጊዜ ነው። እጇን ይዞ አብሯት ተቀመጠ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ የግራ ጆሮው ጥቂት እንደደከመ፣ ከድራሙ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥና ሲጫወት ጆሮው ላይ መከለያ እንዲያደርግ፣ ሌላው ሁሉ ግን ደህና እንደሆነ ነገረችው። ትርሲት ደጋግማ አመሰገነቻት። አስናቀ ከክሊኒኩ ሲወጣ ከውጭ የሚሰማውን የባጃጅ ጡሩምባ እንኳ ቆሞ አዳመጠው።

አምፕሊፋየሩ አዲስ ቱቦ ገብቶለት ለልምምድ በተመለሰበት ቀን የባንዱ ድምፃዊት ሰብለ ቀረብ አለችውና «ጋሼ፣ ድምፅህ ተመለሰ» አለችው።

«መጥፋቱን ታውቁ ነበር እንዴ?»

«ከመስከረም ጀምሮ ሁላችንም ሰምተነዋል። ፊትህ ደስ የማይል ስለነበር ችግር ገጥሞት ነው ብለን እንዳናስከፋህ ዝም አልን።»

አስናቀ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ቆመ። በመስከረም አንድ ቀን «ድምፁ ለእናንተስ ደብዝዟል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር። ሊቆጣ አልቻለም። ወንበሩን ከድራሙ ሁለት እርምጃ አርቆ መጫወት ጀመረ።

ወዳጆቼ፣ ፍርሃት ብቻውን ሲተው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ምስክር፣ ራሱ ዳኛ ይሆናል። ሌላ ሰው እስካልሰማው ድረስ የሚከራከረው የለም። አስናቀን ስምንት ወር ያሰቃየው የተዳከመ ቱቦ አልነበረም፤ ያልተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ዝም ሲል ሚስቱ በሌላ ፍርሃት ታመመች፤ ጓደኞቹም ለእሱ ብለው ዝም አሉ። ሁሉም የሚዋደዱ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደለው መጠየቅ ብቻ ነው። አንዳንዴ የፈራነው ነገር እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ያኔም ቢሆን ለሁለት ሲሸከሙት ይቀላል።

እርስዎስ ለማንም ሳይነግሩ ብቻዎን የፈረዱበት ጉዳይ የለም? ካለ፣ ዛሬ ለማን ይነግሩታል?