መጀመሪያ ማን ይምታ?

አንድ ጊዜ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የሚኖሩ የሜዳ አራዊት ክሪኬት መጫወት ለምደው ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በጠፍጣፋ ዱላ ይጠብቃል፣ ኳሷን ካራቃት ደግሞ ማዶ ከቆመው አጋሩ ጋር በሩጫ ቦታ እየተለዋወጠ ነጥብ ይሰበስባል። እንጨቶቹ የወደቁበት ይወጣና ተራው ለሌላው ይሆናል። ቀላል ነው ይባል እንጂ የሜዳዎቹ ቡድን በገደሉ ዝንጀሮዎች ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፏል።

ለአራተኛው ግጥሚያ ውርርዱ ከበደ፤ የተሸነፈው ወገን በጋውን ሙሉ ወንዙን ለቆ ከተራራው ማዶ ካለው ረግረግ ሊጠጣ ተስማሙ። የቡድኑ አምበል አንበሳ ይህን ካሰበ ወዲህ ሥጋ እንኳ አልጥመው አለ።

በሜዳዎቹ ዘንድ መጀመሪያ መምታት ግብር ላይ እንደ መቀመጥ ነበር፤ በማዕረግ ይሰጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጀምሩት አንበሳና አያ ጅቦ ናቸው። አንበሳ ንጉሥ ስለሆነ፣ ጅብ ደግሞ ቀድሞ ከቀረበ ነጥቡ ሁሉ ለእሱ የሚተርፍ ስለመሰለው። አዲስ ኳስ ግን ጠጣርና ፈጣን ናት። ሁለቱም ባለ በሌለ ኃይላቸው ይሰነዝሩና ይስቷታል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ሁለቱም ወጥተው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

«ምን ይሻለናል?» ሲል አንበሳ አማካሪውን ቀበሮን ጠየቃት።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የፀሐይዋ ነው» አለች እመት ቀበሮ። «ጠዋት ጠዋት ዓይን ትወጋለች። እኔ ራሴ መች አየሁና?»

«አንቺ እኮ የምትገቢው እኩለ ቀን ላይ ነው።»

«እንግዲያው ዱላው ይሆናል» አለች፣ ምንም ሳታፍር።

ጅብ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። «እውነቷን ነው! ለእኔ ሁለት ዱላ ይሰጠኝ!»

የዚያን ቀን፣ በግጥሚያው ዋዜማ፣ ልምምድ አብቅቶ ትልልቆቹ ሲበተኑ አንበሳ ሐሳብ ይዞት ሜዳው ዳር ቀረ። ወርዋሪዎቹ እጃቸውን የሚያፍታቱበት ሰዓት ነበር። እንጨቶቹ ፊት የሚቆምላቸው ፈቃደኛ ስለማይገኝ፣ እንደ ወትሮው የቡድኑን ዕቃ የምትሸከመውን አህያ ዱላ አስይዘው አቁመዋታል። ከርከሮ ይወረውራል፣ አህያ ዱላዋን ዝቅ አድርጋ ኳሷን ታቆማለች። ድኩላ ይወረውራል፣ ታቆማለች። ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል እንጨቶቹ እንደቆሙ ነበሩ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ወጣች?» አለ አንበሳ።

«እሷ?» ከርከሮ ሳቀ። «እሷን ደግሞ ማን ይቆጥራል፣ ጌታዬ! አስወጥተናት አናውቅም። ይኸው ሁለት ክረምታችን።»

አንበሳ አፈረ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዓይኑ ሥር ቆማ አላያትም።

«እመት አህያ፣ ነገ ከሚዳቋ ጋር አንቺ ትጀምሪያለሽ» አላት።

«ይቀልዱብኛል? እኔ እኮ አርቄ መምታት አልችልም።»

«አትምቺ። ኳሷ እስክትለሰልስ ብቻ አትውጪ።»

«በማን ቦታ ልግባ ታዲያ?»

ጅብን ወደ ኋላ ማድረግ አንበሳን አልከበደውም። የራሱን ቦታ ለመልቀቅ ግን ሆዱ እምቢ አለው። ያም ሆኖ «በእኔ ቦታ ግቢ፤ እኔ መጨረሻ እገባለሁ» አለ።

«ኧረ ጌታዬ!» አጠገባቸው የደረሰች ቀበሮ ጮኸች። «ንጉሥ ከአህያ ኋላ! አገሩ ምን ይላል?»

«ከረግረግ ሲጠጣ የሚለው ይብሳል» አላት።

በማግስቱ ዝንጀሮዎቹ ቀድመው መትተው ሰባ ነጥብ አስቆጠሩ። አህያ ዱላ ይዛ ስትገባ ገደሉ በሳቅ አስተጋባ። ቢስቁም እሷ ኳስ በመጣ ቁጥር ዱላዋን ዝቅ እያደረገች አቆመች። እስከ እኩለ ቀን ስድስት ነጥብ ብቻ አገኘች።

«ስድስት!» አለ ጅብ እየተቁነጠነጠ። «እኔ ብጀምር ኖሮ!»

«አንተ ብትጀምር ኖሮ ይኼኔ ጥላ ሥር ነበርክ» አለው አንበሳ።

«አሁንስ ጥላ ሥር አይደለሁ?» አለ ጅብ ግራ ገብቶት።

የኳሷ ቆዳ ተላላጠ፤ የዝንጀሮዎቹም ትከሻ ዛለ። ሚዳቋ ወጣች፣ ድኩላም ጥቂት መትቶ ወጣ፤ ጅብ ገባ። ያቺ የለሰለሰች ኳስ ለእሱ ቅልጥም ሆነችለት፤ የመጣለትን ሁሉ ያነሣው ጀመር። አህያም ጅብ እየሮጠ ወደ እሷ ሲመጣ ባየች ቁጥር በአጠገቡ ለማለፍ እግሯ ይፈጥናል። ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ ሲቀር ጅብ ኳሷን መትቶ ወንዙ ውስጥ ከተታት፤ ዝንጀሮዎቹ ሳያወጧት ሁለቱን ነጥብ ሮጠው ጨረሱ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ።

አራዊቱ አህያን ለማቀፍ አንበሳን እያለፉት ሮጡ። እሱ ዱላውን እንደያዘ ዳር ቆሞ ነበር። ደስ አለው፤ ደግሞም ቅር አለው። ያለ እሱም ሆነ።

«ውይ ጌታዬ፣ አንዲት ኳስ እንኳ ሳይመቱ!» አለች ቀበሮ።

«አዎ፣ አልመታሁም» አለ አንበሳ ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት እያስቀመጠ። «ግን ይህን ቡድን የዛሬን ያህል ጠቅሜው አላውቅም።»

ከዚህ የምንማረው፣ የፊቱ ቦታ ለማዕረግ ሳይሆን ለሚችልበት ሊሰጥ እንደሚገባና አንዳንድ ጊዜ ከመሪ የሚጠበቀው ከባዱ ሥራ የራሱን ቦታ መልቀቅ መሆኑን ነው።